ክዳኑን አስከፍቶ መግዛት

በትንሽ ገንዘብ ኮምፒውተር ላስገጣጥም ብሎ የተነሣ ሰው ወሬውን የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ ነው። «ኮር አይ ፋይቭ ነው አይ ሰቨን? ስንተኛ ጄኔሬሽን?» ይላል። እኔ መጀመሪያ የማየው ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል፣ ፓወር ሰፕላዩን ነው። ከጀርባ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቼ አወጣዋለሁ፤ ክብደቱን በእጄ እሞክራለሁ፤ በአየር ማስወጫው ቀዳዳ በኩል ባትሪ አብርቼ ውስጡን አያለሁ። ይህ ክፍል ሻጭ የማያሞግሰው፣ ገዢም የማይጠይቅበት ነው። የሠራው ሰው ለሥራው ያለው ክብር ሳይሸፋፈን የሚገኘውም እዚሁ ነው።

በርካሽ የተሠራው ገና እጅ ላይ ሲያርፍ ይቀልላል። ላሜራው በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ውስጡ ሲታይ፣ መብራቱ በሚገባበት በኩል የመስመሩን ረብሻ የሚያጣሩ የሽቦ ጥቅልሎችና ኮንደንሰሮች መኖር ነበረባቸው። ቦታቸው በቦርዱ ላይ ታትሟል፤ ቀዳዳቸውም ተበስቷል፤ ዕቃው ግን የለም። አንዳንዴ በጥቅልሉ ፋንታ አጭር ሽቦ ተበይዶ ሁለቱን ቀዳዳዎች ያገናኛል። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ምን እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር፤ የቀነሰው ፋብሪካው ነው። ከላይ የተለጠፈው ወረቀት በትልልቅ ቁጥር «500 ዋት» ይላል። ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል ያለውን ሠንጠረዥ ስናነብ በ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ብቻ እናገኛለን። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። የዛሬ ኮምፒውተር ጉልበቱን በአብዛኛው የሚስበው ከዚህ መስመር ነውና ገዢው በተግባር የያዘው ባለ 216 ዋት ዕቃ ነው፤ ያም መስመሩ የተጻፈበትን ያህል ከሰጠ ነው።

አሁን ከአንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ እንበል ከዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር የወጣውን እናስተያይ። ወረቀቱ 275 ዋት ነው የሚለው። ሲያነሡት ግን ይከብዳል። ጥቅልሎቹ ሽቦ በሽቦ ላይ ሳይዛነፍ ተጠምጥመዋል፤ በመንገድ ንዝረት እንዳይላቀቁ ሥራቸው በነጭ ማጣበቂያ ተይዟል። ማጣሪያው ሙሉ ነው፤ ባዶ የቀረ ቀዳዳ የለም። ሙቀት የሚስበው አሉሚኒየም ወፍራም ነው፤ የሽቦዎቹ ልባስ ሳይቀልጥና ሳይሸበሸብ እስከ ብየዳው ድረስ ይዘልቃል። በወረቀቱ ላይ ደግሞ ለእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጠው መስመር አለ፦ «ከ100 እስከ 240 ቮልት»። ቀዩን መቀየሪያ በእጅ 115 ወይም 230 ላይ አድርጉ የሚባልበት ዓይነት አይደለም። የመጣለትን ቮልት ራሱ እያስተካከለ ይሠራል።

ይህ ነገር ጊዳ አያና ላይ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። ጊዳ አያና ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ የአንገርን ሸለቆ አልፎ ወደ ዓባይና ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ራሱ በወለጋ ምድር ቢሆንም፣ በረጅም መስመር ጫፍ ላለ ቤት የሚደርሰው መብራት አንድ ወጥ አይሆንም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በሠፈሩ አሥር ምጣድ ባንድ ጊዜ ሲጣድ ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል። በደንብ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ መብራቱ ወደ 180 ቮልት ቢወርድ እንኳ ሥራውን አያቋርጥም። ተማሪው ጽሑፉ ላይ ይቀጥላል፤ ምን እንደዳነለት ግን አያውቅም።

ለዚህ ነው ገንዘብ ሲያጥር የተለጠፈውን ቁጥር ትቶ የእጅ ሥራውን ማየት ይሻላል የምለው። በአዲስ አበባም በነቀምቴም ሱቆች አዲስ ካርቶን ውስጥ የሚሸጥ፣ የአምራቹ ስም የማይታወቅ «ኤች 61» ማዘርቦርድ ታገኛላችሁ። ካርቶኑ ያብረቀርቃል፤ ቺፕሴቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። ቦርዱ ስስ ነው፤ ሲይዙት ይተጣጠፋል። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያከፋፍሉት ክፍሎች ሙቀት መሳቢያ ሳይደረግላቸው ራቁታቸውን ተቀምጠዋል። በተመሳሳይ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ባነሰ፣ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ተጠቅሞበት የለቀቀው፣ በዱባይ በኩል ገብቶ መርካቶና መገናኛ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚሸጥ የቢሮ ማሽን ይገኛል። በዕድሜ እኩያ ናቸው፤ በአሠራር ግን አይገናኙም።

የቢሮ ማሽን የተሠራው ለቴክኒሻን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሺህ ኮምፒውተር ሲገዛ፣ እያንዳንዱ ሲበላሽ ተከፍቶ በደቂቃዎች ውስጥ መዘጋት አለበት። ንድፉ ከዚህ ይነሣል። ክዳኑ በአንድ እጀታ ይከፈታል። ዴል በእጅ የሚነቀለውን የሀርድ ዲስክ ማቀፊያ በሰማያዊ ፕላስቲክ ይሠራዋል፤ ኤችፒ ደግሞ መያዣዎቹን አረንጓዴ ያደርጋል። ቀለሙን ተከትሎ የሄደ እጅ አይሳሳትም። የላሜራው ጠርዝ ሁሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተመትቷል፤ ጣት ቢሄድበት አይቆርጥም። ርካሽ ኬዝ ውስጥ ማዘርቦርድ ገጥሞ እጁ ያልደማ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የዚህን ጠርዝ ዋጋ የገባው ገብቶታል። ኬብሎቹ በልካቸው ተቆርጠዋል፤ የሚያልፉበት መንገድ በላሜራው ላይ በትናንሽ ቀለበት ተለይቷል፤ አንዱም ፋኑ ላይ አያርፍም።

ከሁሉም የምወደው ግን ከጀርባ፣ ከፓወር ሰፕላዩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ነው። ማሽኑ አልነሣ ሲል፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ ሶኬቱን ሰክቶ ይህችን ቁልፍ መጫን ነው። አጠገቧ አረንጓዴ መብራት ከበራ ፓወር ሰፕላዩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ካልበራ ጥፋቱ ታወቀ ማለት ነው። ከከተማ ርቆ ላለ ቤት ይህች ቁልፍ የአንድ ቀን መንገድ ታስቀራለች፤ ሙሉውን ኮምፒውተር ተሸክሞ ነቀምቴ ከመሄድ አንዱን ዕቃ ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላልና።

ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ ዓይን የሚያርፈው ኮንደንሰሮቹ ላይ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዓለምን ያዳረሰ የኮንደንሰር ብልሽት ነበር፤ ጫፋቸው እያበጠ ፈሳሻቸው ይወጣ ነበር። የዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ 270 በዚህ በሽታ ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ለዚሁ ጣጣ 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ከዚያ በኋላ አምራቾች በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ፈሳሽ የሌለበትን፣ ጠንካራውን ዓይነት ማድረግ ለመዱ። ልዩነቱ በዓይን ይለያል። የድሮው ዓይነት ራሱ ላይ የመስቀል ወይም የ«ኬ» ቅርጽ ጭረት አለው፤ ጭረቱ ግፊት ሲመጣ እንዲከፈት ታስቦ የተደረገ ነው። ጠንካራው ዓይነት አጭር ነው፤ ራሱ ዝርግና ልሙጥ ነው፤ ጭረት የለበትም። በደንብ የተሠራ ቦርድ ላይ እነዚህ በአንድ ቁመት፣ ሳያዘሙ፣ ሥራቸው ቦርዱን ነክቶ ይቆማሉ። ባትሪውን ከጎን አድርጎ ማየት ነው፤ ያበጠ ወይም ያጋደለ ካለ ጥላው ይናገራል።

ፕሮሰሰሩ ሲነሣ የሚታየው ሶኬት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ7010 ላይ ያለው ሶኬት 1,155 የመገናኛ ጥርሶች አሉት፤ ሁሉም በአንድ ማዕዘን የታጠፉ፣ ትንፋሽ የሚያጎብጣቸው የሚመስሉ። ብርሃን በአግድም ሲያርፍባቸው እንደ ጥሩ ጥበብ ክር ረድፍ በረድፍ ይታያሉ፤ አንዷ ከመስመር ከወጣች ወዲያው ትለያለች። እዚህ ላይ ጣት አይገባም። ያገለገለ ቦርድ ብቻውን የሚገዛ ሰው ሶኬቱን በዚህ መንገድ ሳያይ ገንዘብ መቁጠር የለበትም፤ የጎበጠች አንዲት ጥርስ አንዱን የራም መስመር ልታጠፋ ትችላለች፤ ይኸውም ቆይቶ ሊታወቅ የሚችል ጉድለት ነው።

ነቀምቴ ውስጥ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ሲሠራ ቁሜ ያየሁት ከዚህ ሁሉ ጋር የሚሄድ ነው። ከጊዳ አያና የመጡ አንድ አባት ለልጃቸው ማሽን ሊያስገጣጥሙ ፊቱ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ እኔ ሩቅ ነኝ፤ እዚያ ቢበላሽ የሚያይልኝ የለም» አሉት። «ኦቦ፣ እሱን አስቤ ነው ይኼኛውን ያነሣሁልዎት» አላቸው። ከመደርደሪያው ሁለት ኦፕቲፕሌክስ አውርዶ ነበር፦ 7010 እና 9020። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ባለ አራተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ነው። ብዙ ሰው እሱን ይመርጥ ነበር። ቴክኒሻኑ ግን ሁለቱንም ከፍቶ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን የኃይል መሰኪያ አሳያቸው። የ9020ው ዴል ብቻ የሚሠራው ባለ 8 ፒን ነው፤ የ7010ሩ ማንኛውም ገበያ ላይ ያለው ባለ 24 ፒን ነው። «የ9020ው ፓወር ሰፕላይ ከተቃጠለ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። የ7010ሩ ከተቃጠለ ከሌላ ኮምፒውተር ነቅለው ይሰኩበታል።» እኔ ይህን ፍርድ ከማንኛውም የፍጥነት ንጽጽር አስበልጠዋለሁ። ዕቃ መምረጥ የሚሠራበትን ቦታ ማወቅ ነው፤ እሱም ጊዳ አያናን ያውቃል።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ 3470 ነው፤ አራት ኮር፣ 3.2 ጊጋ ኸርዝ፣ የሙቀት ልኩ 77 ዋት። በላዩ ላይ ደርቆ የነበረውን የድሮ ቴርማል ፔስት በአልኮል በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ጠረገ፤ የብረቱ ፊት ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ጥርት ብሎ እስኪነበብ አላቆመም። አዲሱን ከምስር ፍሬ የማይበልጥ መሀሉ ላይ አኖረ። ማቀዝቀዣውን ሲያስር አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ አላጠበቀም፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከትይዩው፣ እያፈራረቀ አጠበቀ። ግፊቱ እኩል እንዲያርፍ ነው። ይህን የሚቸኩል ሰው አያደርገውም፤ ገዢውም አድርግልኝ ብሎ አይጠይቅም።

ራም ሲመርጥ አንድ ባለ 8 ጊጋ ሳይሆን ሁለት ባለ 4 ጊጋ አነሣ፤ ዲዲአር 3፣ 1600፣ ሁለቱም የአንድ አምራች። ጥንድ ሆነው ሲገቡ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ባንድ ጊዜ ያነባቸዋል። ገንዘቡ አንድ ነው፤ ውጤቱ ይሻላል፤ በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን፣ ስክሪኑም ከዚያው ራም ስለሚካፈል። ለዊንዶውሱ የነበረውን አሮጌ ሀርድ ዲስክ አውጥቶ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ አስገባ፤ የሳታ ኬብሉንም ቦርዱ ላይ «ሳታ 0» ተብሎ የተጻፈበት ፈጣኑ መሰኪያ ላይ ሰካ። የሀርድ ዲስክ እጅ አንድን ፋይል ፍለጋ ሲንቀሳቀስ አሥር ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ኤስኤስዲ የመቶኛውን ያህል ጊዜ ነው የሚወስደው። በአሮጌ ማሽን ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የዚህን ያህል የሚታይ ለውጥ የሚያመጣ ሌላ የለም። አሮጌው ዲስክ አልተጣለም፤ የጤና መረጃውን ከፍቶ የተበላሹ ቦታዎች ቁጥር ዜሮ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ለፊልምና ለመጽሐፍ ማስቀመጫ ሁለተኛ አድርጎ መለሰው። ሰዓቱን የምትጠብቀውን ክብ ባትሪም ቀየራት። እሷ ስትሞት ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ ሰው ግን ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ይደክማል።

ሌሊቱን ሙሉ የራም ፍተሻ አስነሥቶበት ሄደ። ጠዋት ስህተት ዜሮ። ከዚያ በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ትንሽ ወረቀት ለጠፈ፤ ቴርማል ፔስት የተቀየረበትን ቀን፣ ባትሪው የተቀየረበትን ቀን፣ የራሙን ዓይነት ጻፈበት። ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው ከዜሮ አይጀምርም። ለመንገዱም ሲያሽግ ማሽኑን ማዘርቦርዱ ወደ ታች እንዲሆን በጎኑ አስተኛው፤ ከባዱ ማቀዝቀዣ በኮረኮንች መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቦርዱን እንዳይጎትት፣ ክብደቱ በሶኬቱ ላይ እንዲያርፍ። አባትየው ከመሄዳቸው በፊት ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው እንዲዘጉ፣ የኋላዋንም ቁልፍ ራሳቸው እንዲጫኑ አደረጋቸው።

ስለ ግራፊክስ ካርድ ብዙ አልልም። ለትምህርት፣ ለጽሕፈትና ለፊልም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ይበቃል። የሚያስፈልገው ካለ ጂቲ 1030 ተጨማሪ ኬብል ሳይፈልግ በ30 ዋት ይሠራል፤ ነገር ግን በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ስለተሸጠ ጂዲዲአር 5 የሚለውን መለየት ነው። ለሞኒተር ደግሞ አስቀድሞ ይታሰብ፦ 7010 ዲስፕሌይ ፖርትና ቪጂኤ እንጂ ኤችዲኤምአይ የለውም። ዴል እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ በ7010 ስም ሌላ አዲስ ማሽን ስላወጣ፣ በስልክ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው እ.ኤ.አ. የ2012ቱን መሆኑን ይናገር።

አንድ ማወቅ ያለብን ጉዳይ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ማሽን የሚሻለው ሊኑክስ ሚንት ነው። በነጻ ይገኛል፤ በ8 ጊጋ ራም ሳይጨነቅ ይሄዳል፤ የጽሕፈት ፕሮግራሙ አብሮት ይመጣል፤ አማርኛ ይጻፍበታል፤ ለአፋን ኦሮሞ ቁቤ ደግሞ የተለየ ኪቦርድ አያስፈልግም። ኪዊክስ የተባለውን ፕሮግራም ጨምሮ ዊኪፒዲያን ከነሥዕሉ ዲስክ ላይ መጫንና ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በብዙው የወለጋ ክፍል ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ያኔ ቤት ውስጥ ያለ መጽሐፍና ቤት ውስጥ ያለ ዲስክ ብቻ ነበር የሚነበበው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ የገጠር ከተማ ልጅ መዳፊትና ኪቦርድ የሚለምደው በፈተናው ጠዋት መሆን የለበትም።

ከማሽኑ ውጭ ገንዘብ የሚገባው ዩፒኤስ ላይ ነው። ይህ ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት 100 ዋት አካባቢ ቢስብ ነው፤ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ፋይሉን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት በቂ ጊዜ ይሰጣል። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ኧርዝ ይዘርጋ፤ ክዳኑን ስትነኩ እጃችሁን የሚነዝር ማሽን ኧርዝ አላገኘም ማለት ነው። የወለጋ ክረምት ነጎድጓዱ ብርቱ ነው፤ ደመናው ሲጠቁር ሶኬቱንም የኔትወርክ ኬብሉንም መንቀል ነው፤ መብረቅን የሚመልስ ፓወር ሰፕላይ የለም።

እንግዲህ በጥቂት ብር ለቤታችሁ ኮምፒውተር ልትገዙ ወይም ልታስገጣጥሙ ስትሄዱ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሻጩን ክዳኑን እንዲከፍት ጠይቁት። የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት አንብቡ፤ የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 አባዙ። ኮንደንሰሮቹን ባትሪ ከጎን አብርታችሁ እዩ። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው የኃይል መሰኪያ ባለ 24 ፒን መሆኑን ቁጠሩ። ለጊዳ አያና ቤት ዛሬ የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር፣ ጥንድ ራምና ኤስኤስዲ ተጨምሮለት ነው። ክዳኑን አልከፍትም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።